«አጥንት ተቀርቅሮበት ነው»፦ የውሻ አፍ ሽታ ተረትና እውነታ

በጉለሌ ውሻ ጌጥ አይደለም። ሌሊት ከእንጦጦ ጫካ ጅብ በሚወርድበት አካባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ባሉት ግቢዎች፣ ውሻ የቤቱ ዘብ ነው። የሚበላውም ከቤቱ ማዕድ የተረፈውን ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ከሥጋ ቤት የተገዛ ሳምባ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ አጥንት እንደ ልብ። ታዲያ ይህ ዘብ አንድ ጠዋት ምግቡን ትቶ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ አፉ ከሩቅ እየከረፋ ሲገኝ በግቢው የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «አጥንት ተቀርቅሮበት ነው።» ወዲያው አንዱ አንገቱን ይይዛል፣ ሌላው መንጋጋውን ይፈለቅቃል፣ ደፋር የተባለው ጣቱን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። አጥንት አልተገኘም እንበል። ሁሉም እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ስለ ውሻ አፍ ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ ሰው የሚገድለው ይህኛው ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቁ።

በመጀመሪያ ለአባባሉ የሚገባውን እንስጠው። አጥንት በእርግጥ ይቀረቀራል። የውሻ ላንቃ በግራና በቀኝ በትላልቅ የመንጋጋ ጥርሶች የታጠረ በመሆኑ፣ የጎድን ስባሪ ወይም የቅልጥም ቁራጭ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው አግድም ተወጥሮ መቅረቱ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነው። ውሻው በፊት እግሩ አፉን ይፍቃል፣ ራሱን ይንጣል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ደግሞ በአጥንቱ ዙሪያ የታጎረው ምግብ ይበሰብስና ሽታው አያስቀርብም። ይህን አንዴ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ ምልክት ሲያይ አጥንት ቢጠረጥር የሚያስወቅሰው አይደለም።

ችግሩ የእብድ ውሻ በሽታም ይህንኑ ምልክት ይዞ መምጣቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው አንዱን መልክ ብቻ ነው፤ ዓይኑ የቀላ፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ ያገኘውን እየነከሰ ከሰፈር ሰፈር የሚሮጥ ውሻ። ያንን ያየ ይሸሻል፣ ልጆቹንም ያስገባል። ሁለተኛው መልክ ግን ዝም ያለ ነው። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ይደክማል። ቫይረሱ ነርቮቹን ሲይዝበት የመንጋጋውና የጉሮሮው ጡንቻ ይሰንፍና የታችኛው መንጋጋው ወደ ታች ይንጠለጠላል። መዋጥ ስለማይችል ምራቁ በአፉ ጥግ ይፈሳል፤ የጎረሰውም እዚያው ይቀራል። ድምፁ ይለወጣል፤ እንደታነቀ ያንቃቃል። እንዲህ ያለውን ውሻ አይቶ «ታንቋል» የማይል ማን ነው? አልታነቀም፤ መዋጥ ተስኖት ነው።

ቫይረሱ ደግሞ የሚተላለፈው በምራቁ ነው። ስለዚህ «ደፋሩ» ጣቱን የሚሰደው ሊሰድ በማይገባው ቦታና ሰዓት ነው። መንከስ እንኳ አያስፈልግም። ጥርስ የጫረው ቆዳ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የተቆረጠ ጣት፣ በልብስ እጥበት የተሰነጣጠቀ መዳፍ በቂ መግቢያ ነው። በዓይንና በአፍ የገባ ምራቅም እንደዚያው። ያልተጫረና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ የነካ ምራቅ ቫይረሱን አያሳልፍም፤ ግን መንጋጋ ሲፈለቅቅ ከቆየ በኋላ እጁ አንድም ጭረት እንደሌለበት የሚምል ማን ነው?

በገጠርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ላም ለሃጯ ሲፈስና መኖ ሲቀርባት ስታንቃቃ «ድንች ተቀርቅሮባት ነው» ተብሎ እጅ ጉሮሮዋ ውስጥ ይገባል። በብዙ አገሮች ገበሬዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ለበሽታው ተጋልጠዋል።

የሚያሳዝነው ይህ ስህተት በጉለሌም መፈጸሙ ነው። አገሪቱ ስለዚህ በሽታ ያከማቸችው እውቀት የተቀመጠው እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነውና። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም መነሻው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው ማዕከል ነው። ስሙ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥም ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው፤ የታክሲ ረዳቱም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ለአሥርት ዓመታት የሰው የእብድ ውሻ ክትባት የተመረተው እዚያ ነው፤ የተጠረጠረ ውሻ አንጎል በላቦራቶሪ የሚመረመረውም እዚያ ነው። በሽታው ለከተማዋ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ አዲስ አበባን የመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1903፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ይላል። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው። ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሲሆኑ፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ በሳምንት የተነሣበትም፣ ዓመት የቆየበትም አለ። በዚያ መካከል ውሻው ሞቶ ተጥሏል፣ ጉዳዩም ተረስቷል። ሰውየው መዋጥ ሲያቅተውና ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ሲኮማተር ቤተሰቡ ከዚያች ጠዋት ጋር አያገናኘውም። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከዚህ በሽታ የተረፉት በዓለም ዙሪያ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ ባዶ እጃቸውን የውሻ ጉሮሮ ውስጥ ሰደው አጥንት ሲያወጡ የሚታዩትን ሰዎች «ጀግና» እያሉ የሚያጋሩ ሁሉ ቆም ብለው ሊያስቡ ይገባል። በየሰፈሩ «እኔ ስንቱን አውጥቻለሁ» የሚለው አዋቂም እንዲሁ። እስካሁን ያወጣው በእርግጥ አጥንት ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ሐኪሙም በዓይን አይቶ በእርግጠኝነት አይለይም። በእግሩ አፉን የሚፍቅ፣ ትናንት አጥንት ሲግጥ የታየ፣ ክትባቱም ያላለፈበት ውሻ ከሆነ ችግሩ አጥንት የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ክትባት የማያውቅ ውሻ ደግሞ ያስፈራል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ሰፊ ነው። እርግጡን የሚናገረው የአንጎል ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም የሚደረገው ውሻው ከሞተ በኋላ ነው።

የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ የሚከብደው መታገሡ ነው። አፉን ሳይነኩ ውሻውን ግቢ ውስጥ ለብቻው መዝጋት፣ ልጆችን ማራቅ፣ የእንስሳት ሐኪም መጥራት። ሐኪሙ ጓንት አለው፣ ማደንዘዣ አለው፣ የራሱንም ክትባት አስቀድሞ የወሰደ መሆን አለበት። እጁን ቀድሞ ያስገባ ሰው ካለ ቁስሉን ወይም ጭረቱን በወራጅ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲባል በሰዓት ተይዞ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ ታጥቦ አሥራ አምስት ይመስለዋል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ውሻው በሕይወት ካለ መግደል ሳይሆን አስሮ 10 ቀን መከታተል ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነካበት ወቅት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ሰውየው ግን ውጤቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ ክትባቱን ይጀምርና ውሻው ደኅና ከሆነ ሐኪሙ ያቆምለታል።

ክትባቱን የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸውም መነሻ አለው። ከእንስሳት የነርቭ ሥጋ ይዘጋጅ የነበረው የድሮው ክትባት ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋ፣ የሚያምና አልፎ አልፎም የጎንዮሽ ጉዳት ያለው ነበር። እናት አባቶቻችን ያዩትን ነው የሚነግሩን። አዲሱ ዓይነት ግን በክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው። ጥልቅ ቁስል ያለበት ሰው ከዚህ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት ይጨመርለታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1885 ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ፣ በጊዜው የመጣ ሰው ከዚህ በሽታ የሚሞትበት ምክንያት የለም።

ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚያስቀድሙም አሉ። የሃይማኖት ነገር በሐኪም አይዳኝም፤ ጠበሉም ክትባቱን አይከለክልም። እዚሁ እንጦጦ ላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለጠበል ሲሉ መድኃኒታቸውን ባቆሙበት ወቅት፣ ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። በውሻ ለተነከሰም ነገሩ ያው ነው። ለእብድ ውሻ በሽታ ግን ቅደም ተከተሉ ሕይወት ነው፤ ክትባቱ ዛሬ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ።

ከዚሁ ጋር የሚነገር ሌላ አባባል አለ፦ «ውሃ ከጠጣ አላበደም።» ስህተት ነው። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። ያበደ ውሻ ውሃ አይፈራም፤ ጉሮሮው እሺ እስካለው ድረስ ሊጠጣ ይሞክራል። ውሃ አቅርቦ የሚፈትን ሰው ምንም አልፈተነም።

አሁን ደግሞ ወደ ብዙኃኑ። አፋቸው ከሚሸት ውሾች አብዛኞቹ እብደት የለባቸውም፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አፉ የሸተተ ውሻ ባየ ቁጥር እንዲደነግጥ አይፈለግም። ለወራት ቀስ እያለ የመጣ ሽታ፣ ውሻው እየበላ፣ እየጮኸ፣ ጅራቱን እየቆላ ከሆነ፣ ጉዳዩ የድድ ነው። እዚህ ላይ ያለው ተረት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ «የውሻ አፍ ድሮም ይሸታል፤ ተፈጥሮው ነው።» የመጀመሪያው ተረት እጅን ያስቸኩላል፤ ይሄኛው እጅን ያሳጥፋል።

የጤነኛ ውሻ አፍ የምግብ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ አይከረፋም። ለዚህ ማስረጃ ከፈለጉ የስድስት ወር ቡችላ አፍ ያሽትቱ። የሚከረፋው ባክቴሪያ ነው። ውሻ በበላ በሰዓታት ውስጥ ጥርሱ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን በሁለት ሦስት ቀን ከምራቁ ማዕድን እየሳበ ይደነድናል፤ የውሻ ምራቅ ከሰው ይልቅ ወደ አልካሊነት ያደላ በመሆኑ ድንዳኔው ፈጣን ነው። በዚሁ ምክንያት ውሻ ጥርሱ እንደ ሰው እምብዛም አይቦረቦርም፤ ድዱ ግን ይጎዳል። ከንፈሩን ከጎን ገለጥ ቢያደርጉት በላይኛው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ላይ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ያለ ቢጫ ቡናማ ቅርፊት ይታያል፤ ከቅርፊቱ በላይ ያለው የድድ ጠርዝ ቀልቶ አብጧል፤ በጥጥ ሲነኩት ይደማል። ከድዱ ሥር አየር በማይገባበት ኪስ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ሥጋ እየበሉ የድኝ ጋዝ ይለቃሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ይኸው ነው።

ሦስት ዓመት ከሞላቸው ውሾች አብዛኞቹ ይህ በሽታ በተወሰነ ደረጃ አለባቸው። ስለዚህ «ሁሉም ውሻ ይሸታል» የሚለው ሰው ያየውን ነው የሚናገረው፤ የሳተው ግን የተለመደን ነገር ጤናማ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። በሽታው ሲገፋ ጥርስን የያዘው አጥንት ይሟሟል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ በትናንሽ ውሾች ላይ የታችኛው መንጋጋ እስከ መሰበር ይደርሳል። በየቤቱ ውስጥ የሚያድጉት ጸጉራም ትናንሽ ውሾች ያው 42 ጥርስ በጠባብ አፍ ውስጥ ስለሚጨናነቅባቸው ከሐበሻው ውሻ ይልቅ ይብስባቸዋል። ውሻ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ጥርሱ እየታመመ በአንድ ጎን እያኘከ ይበላል፤ ባለቤቱም «ይበላል እኮ» ብሎ ይረጋጋል።

«አጥንት ይጋጥ፣ ጥርሱን ያጸዳለታል» የሚለውም ግማሽ እውነት አለው። የሚጋጥ ነገር ከጥርስ ላይ ቆሻሻ ይፍቃል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የሚፍቀው የጥርሱን ጫፍ ነው፤ በሽታው ያለው ድዱ ሥር ነው። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። የበሬ ቅልጥም የውሻን ጥርስ እስከ መስበር የጠነከረ ነው፤ ሲሰብረውም የሚሰበረው ያ ሥጋ የሚቆርጥበት ትልቁ የላይ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ከጎኑ ገሚሱ ተሰንጥቆ ይወድቃል። ከወራት በኋላ ከዓይኑ ሥር እብጠት ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ መግል ያፈሳል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ያብጣል። ባለቤቱ የዓይን በሽታ መስሎት ቅባት ይቀባዋል፤ ጥርሱ እስካልታከመ ወይም እስካልተነቀለ ድረስ ግን አይድንም። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይም የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾልና አንጀት ይበሳል። ከፋሲካና ከገና ማግሥት የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ የሚደፋበት ቤት ሁሉ ይህን ያስብ። አጥንት መስጠት የግድ ከሆነ ያልበሰለ፣ ውሻው ሊውጠው የማይችል ትልቅ፣ እንደ ቅልጥም ድርቅ ያላለ፣ ሰውም እያየው ይሁን።

ሎሚ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት? ሎሚው የቆሰለ ድድ ያቃጥላል፤ ነጭ ሽንኩርት ከበዛ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የሰው የጥርስ ሳሙና ደግሞ ውሻ መትፋት ስለማያውቅ ሁሉንም ይውጠዋል፤ ፍሎራይዱ ሆዱን ያውከዋል፤ በአንዳንዱ ሳሙናና ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ግን የደም ስኳሩን በደቂቃዎች ውስጥ ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ሽታን በሽታ መሸፈን ሕክምና አይደለም።

«የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» የሚሉም አሉ፤ ውሾች የአልዓዛርን ቁስል መላሳቸውን እያነሱ። በምራቁ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያዳክሙ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ መኖሩም እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት አንድ ጎልማሳ በውሻ ምራቅ ውስጥ በሚገኝ ባክቴሪያ ደሙ ተመርዞ እጆቹና እግሮቹ እስከ መቆረጥ ደርሰዋል። እንዲህ ያለው እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ግን ጣፊያ የሌለው፣ የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ቁስሉን ማስላስ የለበትም። በአገራችን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ ማንም ማስላስ የለበትም።

«ሽታው የትል ነው» ለሚለው፦ የአንጀት ትል አፍ እንዲሸት አያደርግም። ትሉን መንቀል ግን በሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። በበግና በከብት ሳምባና ጉበት ላይ የሚታየውን ውሃ የቋጠረ ከረጢት ጥሬውን የበላ ውሻ አንድ ትንሽ ኮሶ መሰል ትል ይይዘዋል፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ሲገባ ያንኑ ከረጢት በሰው ጉበትና ሳምባ ውስጥ ያበቅላል። በበዓል ቀን ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ለውሻ የሚወረወረው የሆድ ዕቃ በደንብ ይቀቀል፤ ከረጢት ያለበት ደግሞ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።

አፉ የሚሸት ውሻ ሁሉ የጥርስ በሽተኛ ነው ማለትም አይደለም። ትንፋሹ እንደ ሽንት የሚሸት፣ ውሃ የሚያበዛና የሚከሳ ሽማግሌ ውሻ ኩላሊቱ ሊመረመር ይገባል። ጣፋጭ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል ብቻ የሚያብጥ፣ የሚደማና የሚከረፋ አፍ በሸመገለ ውሻ ላይ ዕጢ ያስጠረጥራል። ክፍት ሽንት ቤት ወይም የቆሻሻ ገንዳ የሚጎበኝ ውሻ ደግሞ የሚሸተው የበላውን ነው፤ የእሱ መድኃኒት አጥር ነው።

ሕክምናው የታወቀ ነው። የደነደነው ቅርፊት በብሩሽ አይለቅም፤ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ከድዱ በላይም ከሥሩም ይጠርገዋል፣ የተነቃነቀውን ይነቅላል። ያለ ማደንዘዣ በቢላ ጫፍ መፋቅ ጥርሱን ነጭ ያስመስላል እንጂ ከድዱ ሥር ያለውን አይነካም። በአዲስ አበባ የትንሽ እንስሳት ክሊኒክ ብዙ አይደለም፤ ለጥርስ የሚሆን መሣሪያ ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ወጪውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው ቢሾፍቱ ነው። ስለዚህ ከሕክምናው ይልቅ መከላከሉ ለኪስም ይቀላል።

መከላከያው በየጠዋቱ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ይዞ ደጁ ላይ ለሚቆም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለስላሳ የልጅ ብሩሽ ወይም ጣት ላይ የተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ደቂቃ። አፉን መክፈት አያስፈልግም፤ ከንፈሩን ከጎን ገልጦ የላይኞቹን ጥርሶች ውጫዊ ገጽ፣ ድድና ጥርስ በሚገናኙበት መስመር ላይ ማሸት ነው። ቅርፊቱ ለመደንደን ሁለት ሦስት ቀን ስለሚበቃው በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢያንስ አንድ ቀን እየዘለሉ። በቡችላነቱ ከተጀመረ ውሻው እንደ ጨዋታ ይወስደዋል። ድዱ የቆሰለ፣ የሚነክስ ወይም ክትባት የሌለው ውሻ ላይ ግን አይጀመርም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሐኪም ዘንድ ከተሄደ አይቀር ደግሞ ውሻው የእብድ ውሻ ክትባቱን ሳይወስድ አይመለስ። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል፤ ወረቀቱም ቤት ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መተላለፉ ይቋረጣል፤ የጎረቤትም ልጅ ይተርፋል። የጉለሌ ነዋሪ ሆይ፣ የውሻህ ክትባት መቼ እንደተሰጠ ካላስታወስክ ጊዜው አልፏል ብለህ ያዘው፤ በዚህ ሳምንት አስከትበው።